የኩሬው ድባብ ከብርሃኑ ነው ወይስ ከጥላው?

ፈረንሳዊው ሠዓሊ ክሎድ ሞኔ ዢቨርኒ የምትባል መንደር የገባው በ1883 ነው (ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። ከአሥር ዓመት በኋላ ከቤቱ አጠገብ መሬት ገዝቶ ኩሬ አሠራ። የውሃ አበባ ተከለበት፣ ድልድይም ዘረጋበት። በ1899 ከሣላቸው የዚህ ኩሬ ሥዕሎች አንዱ ፓሪስ፣ ኦርሴ ሙዚየም ይገኛል። ሲያዩት ልብ ጸጥ ይላል። ምኑ ነው ጸጥ የሚያሰኘው? ሁለት ጸሐፊዎች ተከራክረውበታል።

ለብርሃን፦ ሞኔ ዕድሜውን ሙሉ ያሳደደው ብርሃንን ነው። ሩዋን የምትባለውን የፈረንሳይ ከተማ ካቴድራል ሲሥል ብዙ ሸራ አዘጋጅቶ፣ ፀሐይዋ ፈቀቅ ስትል ሸራ ይቀይር ነበር። ግንቡ ያው ግንብ ነው። ብርሃኑ ሲለወጥ ግን ስሜቱም ይለወጣል። ኩሬውም እንደዚያው ነው። ጥላ ማለት ብርሃን ያልደረሰበት ቦታ ነው፤ በቃ።

ለጥላ፦ በቃ አይደለም ወንድሜ። ሥዕሉን ቀረብ ብለህ እየው። ሰማይ የለውም ማለት ይቻላል። ከድልድዩ ሥር የአበቦቹ ቅጠሎች ወደ ጎን ተነጥፈዋል። በመሃላቸው የአኻያው ነጸብራቅ ጠቆር ብሎ ቁልቁል ይወርዳል። የሥዕሉን ህትመት ጠረጴዛ ላይ ዘርግቼ፣ ጨለም ያሉትን ቦታዎች በቁርጥራጭ ወረቀት ሸፈንኳቸው። ኩሬው ጠፋ! የቀረው አበባ ያለበት ምንጣፍ ነው። ውሃውን ውሃ ያደረገው፣ ጥልቀት የሰጠው ጥላው ነበር። ፈዘዝ ያሉት አበቦች እንኳን ቦግ የሚሉት አጠገባቸው ጨለማ ስላለ ነው። ሰው ኩሬ ዳር ሲቆም ዝም የሚለውም ታቹ ስለማይታየው ነው።

ለብርሃን፦ ሙከራሽ ደስ ይላል እህቴ። እኔም ያንኑ ሥዕል በስልኬ ጥቁርና ነጭ አደረግኩት። ጨለማው እንዳለ አለ፤ ድባቡ ግን የለም። ስለዚህ ጉዳዩ ቀለም ነው፤ ቀለም ደግሞ የብርሃን ልጅ ነው። ኦራንዠሪ ሙዚየም ያሉትን ትልልቅ የኩሬ ሥዕሎች አስቢያቸው። ብርሃን የሚገባላቸው ከጣሪያ ነው። ደመና ሲያልፍ አብረው ይደበዝዛሉ፣ ፀሐይ ስትወጣ አብረው ይፈካሉ።

ለጥላ፦ ቀለም ካልክ እሺ። ያ ቀለም ግን የት ነው ያለው? ሞኔ ጥላውን ሰማያዊ፣ ወይን ጠጅ፣ ደማቅ አረንጓዴ ይቀባዋል እንጂ አያጠቁረውም። እዚያው ኦራንዠሪ፣ ሁለተኛው ክፍል ውስጥ፣ «የዛፎች ነጸብራቅ» የሚባል ሥዕል አለ። ቁመቱ 2 ሜትር፣ ርዝመቱ ከ8 ሜትር በላይ ነው። ከሞላ ጎደል ሁሉም ሰማያዊ ጨለማ ነው። ለእኔ ከሥዕሎቹ ሁሉ ልብ የሚነካው እሱ ነው። ደግሞም አትርሳ፣ ሐኪሞች ሞኔን የዓይን ሞራ አለብህ ያሉት በ1912 ነው። እነዚያን ትልልቅ ሥዕሎች የሠራው ብርሃን እየራቀው ነው።

ለብርሃን፦ ይህን አልክድሽም። ግን በ1923 ቀኝ ዓይኑን ኦፕራሲዮን ሆነ። 82 ዓመቱ ነበር። ጥላው ቢበቃው ኖሮ በዚያ ዕድሜ ዓይኑን ለቢላዋ አይሰጥም ነበር።