የጠጅ ቤቱ ስምንተኛ ጦር

የለገጣፎ ጠጅ ቤት ጄኔራሎቻችንን ዕድሜ ያርዝምልን! በሁለተኛው የዓለም ጦርነት የእንግሊዝ ስምንተኛ ጦር ከጀርመኑ ጄኔራል ሮሜል ጋር ግብጽ በረሃ ላይ የተዋጋበትን ኤል አላሜይንን ለማወቅ ፈረንጅ ስንት ዓመት ይለፋል፤ ለእነሱ ሁለት ብርሌ በቂ ነው። ቆሎው እግረኛ፣ ብርሌው ታንክ፣ ጠረጴዛው ላይ የፈሰሰው ጠጅ ፈንጂ ወረዳ። ሮሜል መቼም ከግድግዳው በኩል ነው የሚመጣው።

ምስኪኑ አጥኚ ግን ለንደን፣ ኪው ካለው ብሔራዊ ቤተ መዛግብት ይሄድና ደብልዩ ኦ 169 ከሚባለው የሰነድ ምድብ የአንዱን ሻለቃ ጦር የውሎ መዝገብ ያስወጣል። ትእዛዙና ካርታው አባሪው ላይ ስለሆነ አባሪውን ሳያይ አይነሳም። ጦሩ የነበረበትን ቦታ የሚያመለክተውን ባለ 6 አሃዝ የካርታ ነጥብ የሚፈልገውም በዘመኑ በታተመው ካርታ ላይ ነው፤ በዛሬው ካርታ ከፈለገው የመስመሩ ፍርግርግ ስለማይገጥም ሻለቃ ጦሩን ሌላ አሸዋ ላይ ያሰፍረዋል። ነጥቡ ራሱ ቦታውን የሚለየው ቢበዛ በ100 ሜትር ግምት ነው።

መዝገብ ጸሐፊውስ ቢሳሳት? ዛፍ የለ፣ ቤት የለ። በዚያው ሜዳ ኪድኒ ሪጅ የሚባለው ቦታ አጠገብ የእንግሊዝ ጦር 51ኛው የሃይላንድ ክፍለ ጦርና 1ኛው ብረት ለበስ ክፍለ ጦር በገዛ ወገናቸው መሃል «ያለነው እዚህ ነው፣ የለም እዚያ ነው» ሲባባሉ ነበር። ስለዚህ ምስኪኑ የጎረቤቱን ክፍል መዝገብ፣ ከተገኘም የጠላትን፣ ጎን ለጎን ዘርግቶ ያመሳክራል። ትዕግሥቱ ያሳዝናል።

እዚያው አካባቢ ስናይፕ የተባለውን የመከላከያ ቦታ እንይ። ጥቅምት 16 ቀን 1935 ዓ.ም. ሌሊት የእንግሊዙ ራይፍል ብርጌድ 2ኛ ሻለቃ ጦር፣ የተደረቡለትን ጨምሮ 19 ባለ 6 ፓውንድ ፀረ ታንክ መድፎች ይዞ ገባ፤ ያረፈው ግን ከታሰበለት ቦታ ብዙ መቶ ሜትር ርቆ ነው። በማግስቱ ታንክ ሲመታ ዋለ። በኋላ አጣሪ ቡድን ሜዳው ድረስ ሄዶ ስብርባሪ ቆጠረ፦ 32 ታንክና 5 በራሳቸው የሚንቀሳቀሱ መድፎች።

የእኛ ጄኔራል ይህን ውጊያ «በ1942 ዓ.ም.» ያካሂደዋል፤ የፈረንጁን ዘመን እንዳለ አንስቶ፣ በረሃው ጸጥ ካለ ከሰባት ዓመት በኋላ። መዝገቡ 0300 ካለ እሱ ጠዋት 3 ሰዓት ላይ ፀሐይ ያወጣለታል፤ ሰዎቹ እኮ ከሌሊቱ 9 ሰዓት ላይ በጨለማ የሚደናበሩ ናቸው! ታንኩም በአንደኛው ብርሌ 32፣ በሦስተኛው 50፣ በአምስተኛው 70 ይደርሳል። አጣሪ ቡድን የሚባል ነገር የለማ።

አሳላፊዋ መጥታ ጠረጴዛውን ስትወለውል ስምንተኛው ጦር ከነቆሎው ጨርቁ ውስጥ ይገባል። «ዘጠኝ ብርሌ» ትላለች።

«ስድስት ነው!»

ደብተሯን ታወጣለች። በቀዳች ቁጥር አንድ አንድ ጭረት አስምራለች፤ በውጊያው መሃል የተጻፈ ብቸኛው መዝገብ። ጄኔራሉ ደብተሩን ወደ አምፖሉ ጠጋ አድርጎ ይመረምራል።

«ሦስቱ የጎረቤት ጠረጴዛ ናቸው።»