ሰኞ ምን እንሆናለን?

ሰሞኑን በአንድ የቴሌቪዥን ውይይት ላይ የተጋበዙ የፊልም ሀያሲ ስለ አሜሪካ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ኮሜዲዎች ተጠየቁ። ማደግ ላቃታቸው አዋቂዎች የሚሰጡ ማስታገሻዎች ናቸው አሉ። ሰዎች እነዚህን ፊልሞች እየደጋገሙ የሚያዩት የገዛ ወጣትነታቸውን ትዝታ ስለሚያመልኩ ነው፣ ያ ትዝታም ማር የተቀባ ሐሰት ነው፣ ማስረጃ ከፈለጋችሁ የ33 ዓመት ሴት ተማሪ ሆና የምትተውንበትን ግሪስ የተባለውን ፊልም ተመልከቱ ብለው ደመደሙ። አወያዩ ሳቀ። ሌሎቹ እንግዶችም ሳቁ። ከዚያ ወደ ሌላ ርእስ ተሻገሩ። እኔ ግን መሻገር አልቻልኩም፤ ሦስት ቀን ሙሉ ሲያብሰለስለኝ ከረመ። የምወደው ነገር ተነቅፎ ብቻ ቢሆን ኖሮ በቻልኩት። ያንገበገበኝ ነቀፋው ያን ያህል ቀላል፣ ተቀባይነቱም ያን ያህል ፈጣን መሆኑ ነው።

ሳቁን ካመጣው ከዕድሜው ጉዳይ ልጀምር። ግሪስ ሲቀረጽ ተዋናይቷ ስቶካርድ ቻኒንግ የ33 ዓመት ሴት ነበረች፤ ዋናዋን ልጅ የተጫወተችው ኦሊቪያ ኒውተን ጆን ደግሞ 28 ዓመቷ ነበር። እሺ፣ ከዚያስ? ፊልሙ እኮ ሙዚቃዊ ነው። እ.ኤ.አ. በ1978 ወጥቶ ስለ 1950ዎቹ መጨረሻ ይዘፍናል (ከዚህ በታች የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በዚሁ አቆጣጠር ናቸው)፤ ሲያልቅም ሁለቱ ፍቅረኞች የተሳፈሩበት መኪና ከመሬት ተነሥቶ ወደ ሰማይ ይበራል። መኪና ሲበር ያላስደነገጣቸው ሀያሲ በተዋናይት ዕድሜ ደነገጡ ማለት ነው። መድረክ ላይ ወጣቱ ሽማግሌ፣ ሽማግሌው ወጣት ሆኖ ሲጫወት ጥበብ ነው ብለን የምናጨበጭብ ሰዎች፣ ነገሩ ትምህርት ቤት ሲደርስ የልደት ምስክር ወረቀት የምንጠይቅበት ምክንያት ምንድን ነው? ደግሞስ የዚሁ ዘርፍ ፊልም የሆነው ዘ ብሬክፋስት ክለብ ሲቀረጽ ተዋናይቱ ሞሊ ሪንግዋልድ የ16 ዓመት ልጅ ነበረች። ይህን ሀያሲው አልጠቀሱም። ለክርክራቸው የሚመቻቸውን አንድ ፊልም መርጠው በእርሱ ሃምሳ ዓመት የተሠራበትን ዘርፍ በሙሉ ጠረጉት።

ትዝታ ነው ማለታቸው ግን ከዚህም የባሰ ስሕተት ነው። አማርኛ ለዚህ ነገር ሁለት ቃል አለው። ትዝታ የኖሩትን፣ የነኩትን፣ ያለፈውን ነው። ናፍቆት ግን ያላገኙትንም ያካትታል። ልጅ ያልወለደች ሴት ልጅ ትናፍቃለች፤ ባሕር አይቶ የማያውቅ ሰው ባሕር ይናፍቃል። ለሁለቱም ትዝ የሚላቸው ነገር የለም፤ ናፍቆታቸው ግን እውነተኛ ነው፣ እንቅልፍም ይነሣል። ሀያሲው በአማርኛ እየተናገሩ ይህን ልዩነት ማጣታቸው ያሳዝነኛል።

ጉዳዩ ትዝታ ብቻ ቢሆን ኖሮ ፊልሞቹ ከትውልዳቸው ጋር ባረጁ ነበር። ሚን ገርልስ የተባለው ፊልም በ2004 ወጣ፣ በ2018 በኒውዮርክ የብሮድዌይ ቲያትር መድረክ ላይ ወጣ፣ በ2024 ደግሞ በሙዚቃ ታጅቦ እንደገና ፊልም ሆነ። ያን ጊዜ ሲኒማ ቤት ከገቡት ብዙዎቹ የመጀመሪያው ሲታይ ገና አልተወለዱም። በ1995 ኤሚ ሄከርሊንግ የሠራችው ክሉለስ ታሪኩን የቀዳው በ1815 ከታተመው ከጄን ኦስተን ልብ ወለድ ከኤማ ነው፤ የዚያን ዘመን የእንግሊዝ ገጠር የሚያስታውስ ማን አለ? እኔም የአሜሪካ ትምህርት ቤት ደጃፍ ረግጬ አላውቅም። የብረት ሳጥን የተደረደረበት ኮሪደር፣ ቢጫው አውቶቡስ፣ የዓመቱ መዝጊያ ጭፈራ፣ አንዱም የእኔ አልነበረም። ፊልሙ ሲያልቅ ግን ጉሮሮዬ ላይ የሚተናነቀኝ ነገር አለ፤ ማንም ተነሥቶ የሌላ ሰው ትዝታ ነው ሊለኝ አይችልም።

የሚናፈቀው ታዲያ ምንድን ነው? እነዚህን ፊልሞች አንድ በአንድ ብታዩ ሁሉም ውስጥ ሰዓት እየቆጠረ ታገኙታላችሁ። ጆርጅ ሉካስ በ1973 ያወጣው አሜሪካን ግራፊቲ የ1962ን ረጅም የትምህርት ዕረፍት ማብቂያ አንዲት ሌሊት ይዞ ይነሣል፤ ጠዋት ላይ ሁለት ልጆች አውሮፕላን ተሳፍረው ከተማቸውን ለቀው ኮሌጅ መግባት አለባቸው። ለመሄድ የቸኮለው ይቀራል፣ ያመነታው ይሄዳል። የሪቻርድ ሊንክሌተር ዴዝድ ኤንድ ኮንፊውዝድ በሜይ 28 ቀን 1976፣ በትምህርት መዝጊያው ዕለት ተጀምሮ በማግስቱ ንጋት ያበቃል። ጆን ሂዩዝ በ1985 ያቀረበው ዘ ብሬክፋስት ክለብ ደግሞ ሰዓቱን በግልጽ ይናገራል፤ ቅዳሜ ቀን ለቅጣት ቤተ መጻሕፍት ውስጥ የተሰበሰቡትን አምስት ተማሪዎች የትምህርት ቤቱ ኃላፊ ከፊታቸው ቆሞ፣ ከጠዋቱ 1 ሰዓት ከ6 ደቂቃ ነው፣ 8 ሰዓት ከ54 ደቂቃ አላችሁ ይላቸዋል። ፊልሙ ያ ነው። ከዚያ በኋላ የሚሆነው ሁሉ፣ ሳቁም ስድቡም ለቅሶውም፣ ከዚያች ከተቆረጠች ቀን ላይ እየተቀነሰ ነው።

ይህ የፊልም ጸሐፊዎች ብልሃት ብቻ አይደለም፤ ትምህርት ቤት በእርግጥ እንደዚያ ነው። አዋቂ ሰው ሥራ ይለቃል፣ ቤት ይቀይራል፣ ወዳጁን ያጣል፤ ቀኑ ግን አስቀድሞ አይነገረውም። በጣም እወዳት ከነበረች ጓደኛዬ ጋር የተገናኘሁበት የመጨረሻ ቀን የመጨረሻ መሆኑን ያወቅሁት ከስድስት ዓመት በኋላ ነው። ያን ቀን ምን እንደ ለበሰች አላስታውስም። ምን እንደ ተባባልን አላስታውስም። ቻው ተባብለን ይሆናል፣ እደውልልሻለሁ ብያት ይሆናል። ማንም ዛሬ ነው፣ ልብ በይ አላለኝም። በሰው ሕይወት ውስጥ ማብቂያው ከመጀመሪያው የሚታወቅ፣ ቀኑ የተቆረጠ፣ ሁሉም በአንድነት የሚያልቅበት ዘመን ከትምህርት ቤት ሌላ የትኛው ነው? አንዱ ክፍል ውስጥ ያስቀመጡህን ሰዎች አንተ አልመረጥካቸውም፤ የምትለያቸውም በፈቃድህ አይደለም። በመካከሉ ያለችው ጊዜ ግን የአንተ ናት። ይህን ያህል በግልጽ የተሰጠ ጊዜ ዳግመኛ አናገኝም፤ የሚናፈቀውም እርሱ ነው። የ50 ዓመቱ ሰው ስላለፈው፣ የ15 ዓመቷ ልጅ ሊያልፍባት ስለሆነ እኩል ይናፍቁታል። ሌላ የትኛውም የፊልም ዘርፍ፣ ጦርነቱም፣ የፍርድ ቤቱም፣ የፍቅሩም፣ ጊዜን የዚህን ያህል ተረድቶታል ብዬ አላምንም።

ውሸት ማር ይቀባሉ የተባለውን ደግሞ እንመልከት። አሜሪካን ግራፊቲ ከ1 ሚሊዮን ዶላር ባነሰ ወጪ ተሠርቶ ከ100 ሚሊዮን ዶላር በላይ ያስገባ ፊልም ነው፤ ሕዝቡ ማር ፈልጎ ሄደ ቢባል ያስኬድ ይሆናል። ነገር ግን ሲያበቃ ምን ይዞ ይጠብቀዋል? አውሮፕላኑ ሰማይ ላይ እንዳለ የአራቱ ልጆች ስም ከዕጣቸው ጋር ተጽፎ ይወጣል። በመኪናው የሚኮራው ልጅ በ1964 በሰከረ አሽከርካሪ ተገጭቶ ሞቷል። መነጽር አድራጊው፣ ሌሊቱን ሙሉ ያሳቀን ልጅ፣ በ1965 ቬትናም ውስጥ የገባበት ጠፍቷል። አንዱ የኢንሹራንስ ሠራተኛ ሆኗል፤ አንዱ ካናዳ የሚኖር ጸሐፊ ነው። ሁለት ሰዓት ያህል ያሳቀህ ፊልም በአራት መስመር ጽሑፍ ልብህን ሰንጥቆ ይሸኝሃል። ዴዝድ ኤንድ ኮንፊውዝድም ቢሆን ትልልቆቹ ተማሪዎች አዲስ ገቢዎቹን በእንጨት ጣውላ እያሳደዱ ሲደበድቡ ያሳያል፤ ዋናው ልጅ ራሱ እነዚህን ዓመታት የሕይወቴ ምርጥ ዓመታት ብዬ ከጠራሁ ራሴን እንዳጠፋ አስታውሱኝ ይላል። ሀያሲው አየሁት በሚሉት ፊልም ውስጥ የእርሳቸው ነቀፋ ከእርሳቸው በፊት፣ በበለጠ ድፍረት ተነግሯል።

አንድ ነገር እቀበላለሁ፤ በዚህ ረገድ የሚናገር ሰው ቢኖር አብሬው እቆማለሁ። ያ የአሜሪካን ግራፊቲ ማሳረጊያ የአራቱን ወንዶች ዕጣ ሲነግረን ስለ ሴቶቹ አንዲት ቃል አይልም። ያችን ሌሊት አብረዋቸው ነድተዋል፣ አልቅሰዋል፣ ስቀዋል፤ ጠዋት ሲሆን ደብዛቸው ጠፋ። ሞሊ ሪንግዋልድም በ2018 ዘ ኒውዮርከር መጽሔት ላይ ባወጣችው ጽሑፍ ታዋቂ ያደረጓት የሂዩዝ ፊልሞች ሴቶችን የያዙበት መንገድ ዛሬ እንደሚረብሻት ተናግራለች። እርሷ ግን ፊልሞቹን አልጣለቻቸውም፤ ውስጣቸው ገብታ፣ የሚያመውን ከሚወደደው ጋር አስቀምጣ መረመረቻቸው። ሒስ ማለት እንዲህ ነው። በቴሌቪዥን ወንበር ላይ ተቀምጦ ማስታገሻ ነው ብሎ ማለፍ ግን ፊልሙን ካለማየት ብዙ አይርቅም።

ኮሜዲ መሆናቸውስ? በውይይቱ ላይ ይህም እንደ ጉድለት ተነሥቶ ነበር፤ ቁም ነገር ያለው ሰው ስለ ወጣትነት የሚሠራው በኮስታራ ፊልም ነው የሚል አነጋገር። በ16 ዓመት ዕድሜ ሰው ሞት የሚያህል ውርደት ውስጥ ገብቶ ከአምስት ደቂቃ በኋላ በሳቅ ይፈርሳል። ይህን ያለ ሳቅ የሚያሳይ ፊልም ኮስታራ ሊሆን ይችላል፤ እውነተኛ ግን አይደለም።

የእህቴ ልጅ 15 ዓመቷ ነው። ዘ ብሬክፋስት ክለብን ባለፈው ወር አብረን አየን፤ እኔ ለአራተኛ ጊዜ፣ እርሷ ለመጀመሪያ ጊዜ። አምስቱ ልጆች ቤተ መጻሕፍቱ ወለል ላይ ተቀምጠው ሆዳቸው ያለውን ሁሉ አውጥተው ከተናዘዙ በኋላ ጎበዙ ልጅ አንገቱን ደፋ አድርጎ፣ ሰኞ እንደገና ስንገናኝ ምን እንሆናለን፣ እኔ እንደ ጓደኞቼ ነው የማያችሁ፣ ተሳስቻለሁ እንዴ ይላል። ሀብታሟ ልጅ እውነቱን ትነግረዋለች፤ ኮሪደር ላይ ብንገናኝ ጓደኞች የምንሆን አይመስለኝም። ከመካከላቸው ቅን ሆና የተናገረች እርሷ ናት፣ ሁሉም የሚቆጡትም በእርሷ ነው። የእህቴ ልጅ እስከዚያ ድረስ እየሳቀች ነበር። ከመቅጽበት ሪሞቱን አንሥታ ፊልሙን አቆመችው።

«አክስቴ፣ ሰኞን ያሳየናል?»

«አያሳይም፤ እዚያው ቅዳሜ ላይ ነው የሚያልቀው» አልኳት።

እጄን ወደ ሪሞቱ ስዘረጋ ያዘችኝ። «ቆዪ» አለች፤ «ገና አትክፈቺው።»