«ገና አልመጣም» እና «የለም» አንድ አይደሉም እኮ!

ሂሳባችሁን ስትከፍቱ መጀመሪያ «0.00 ብር» ብሎ ልባችሁን ቀጥ የሚያደርግ፣ ትንሽ ቆይቶ ደግሞ ምንም እንዳልተፈጠረ ትክክለኛውን ቁጥር የሚያመጣ ገጽ አጋጥሟችሁ ያውቃል? እኔን ሁሌ ያጋጥመኛል። ከሌላው ሰው ይበልጥ የሚያበሽቀኝ ደግሞ ሥራዬ ይሄው ስለሆነ ነው። ፍሮንትኤንድ ዴቨሎፐር ነኝ፤ ተጠቃሚው የሚያየውን የገጹን ወገን እሠራለሁ። ያቺ ዜሮ ከየት እንደመጣች ኮዱን ሳላይ እነግራችኋለሁ።

ከሰርቨር፣ ማለትም ዳታውን ከሚይዘው ኮምፒውተር፣ አልመጣችም። ሰርቨሩ ገና ምንም አላለም። ዴቨሎፐሩ ነው የጻፋት። ሪያክት በሚባለው የገጽ መሥሪያ ላይብረሪ ስቴት፣ ማለትም ገጹ የሚያስታውሰውን ነገር፣ ሲከፍት መነሻ ዋጋ ይሰጠዋል፤ እሱም «ዜሮ ይሁን» ብሎ አለፈ። የዳታውን ዓይነት የሚቆጣጠረው ታይፕስክሪፕትም አልተቃወመም፤ ዜሮ ቁጥር ነዋ! ለኮምፒውተሩ ቦታ መያዣ ናት። ለሰው ግን መልስ ናት። «ገንዘብ የለህም» የሚል መልስ። ደመወዝ ገብቶ እንደሆነ ለማየት ታክሲ ውስጥ ስልኩን የከፈተ ሰው ያቺን ሁለት ሰከንድ እንዴት እንደሚያሳልፋት ማን ይጨነቅለት?

የዚሁ ሌላ መልኩ «ምንም ዝውውር አልተገኘም» የምትለዋ ናት። ዝርዝሩ ባዶ ሆኖ ይጀምራል፣ ዝርዝሩን የሚያሳየው የገጹ ቁራጭ ባዶውን ያያል፣ «አልተገኘም» ብሎ ይጽፋል። መቼ ፈለግህና ነው ያጣኸው? ለሰርቨሩ የሚላከው ጥያቄ፣ ሪኩዌስቱ፣ እኮ ገና ከቤት አልወጣም!

ሙያው ውስጥ ለሌላችሁ ባጭሩ ላስረዳ። ዛሬ ዌብ አፕ የሚሠራው በቁርጥራጭ ነው፤ ኮምፖኔንት እንላቸዋለን። ላይ ያለው የስምህ ሳጥን አንድ ኮምፖኔንት፣ ባላንሱ ሌላ፣ የዝውውር ዝርዝሩ ሌላ። አብዛኞቹ መጀመሪያ ስክሪኑ ላይ ይሳላሉ፣ ከዚያ ዳታቸውን ከሰርቨር ይጠይቃሉ፣ መልሱ ሲደርስ እንደገና ይሳላሉ። ጣጣው ሁሉ ያለው በነዚያ ሁለት ስዕሎች መሃል ነው።

እዚያ መሃል ምን ይታይ? ዳታው እየመጣ ሊሆን ይችላል። መጥቶ፣ እውነትም ባዶ ሊሆን ይችላል። ሳይሳካ ቀርቶ ሊሆን ይችላል። የቅድሙ እጃችን ላይ ሆኖ አዲሱ መንገድ ላይ ሊሆን ይችላል። እያንዳንዱ የራሱ ስክሪን ያስፈልገዋል። ዲዛይነሩ ፊግማ በሚባለው የዲዛይን መሣሪያ ላይ የሚሰጠን ግን አንዱን ብቻ ነው፦ ሁሉ ነገር ሞልቶ፣ ሰው ሁሉ ፎቶ ኖሮት፣ ስም ሁሉ በአንድ መስመር ልክ አልቆ። «የሌሎቹስ?» ስትሉት «እሱን እናንተ እዩት» ይላል። እኛም እናያለን፤ ዜሮ እየጻፍን።

ደግሞ ስፒነሯ! ያቺ የምትሽከረከር ክብ። ብዙ ሰው ክቧ ስትዞር ከጀርባ የሆነ ነገር እየተሠራ ይመስለዋል። ምንም ላይሠራ ይችላል። ክቧ አኒሜሽን ናት፤ ሰርቨሩ ሞቶም ትዞራለች። ብሮውዘር ውስጥ ዳታ የምንጠይቅበት ፌች በራሱ የጊዜ ገደብ የለውም። «ከ10 ሰከንድ በኋላ ተወው» ካላላችሁት አይተወውም። ብሮውዘሩ ራሱ ተስፋ ቆርጦ እስኪዘጋው ደቂቃዎች ሊያልፉ ይችላሉ። ገደብ ማስገባት ደግሞ አቦርት ሲግናል በሚባለው የማቋረጫ ምልክት የአንድ መስመር ሥራ ነው። አንድ መስመር!

ፌች ሌላም አመል አለው። ሰርቨሩ 404 («አላገኘሁትም») ወይም 500 («እኔው ዘንድ ተበላሸ») ቢመልስ እንደ ስህተት አይቆጥረውም። መልስ እስከመጣ ድረስ ለእሱ ተሳክቷል፤ ስህተት የሚሆንበት መልስ ጭራሽ ሳይገኝ ሲቀር ነው። መልሱ ላይ «ኦኬ» የምትባል ምልክት አለች፤ እሷን ማየት የእናንተ ፈንታ ነው። ያላየ ሰው የስህተት መልእክቱን ዳታ ነው ብሎ ይቀበላል። ዝርዝር መስሎት ሊዘረዝረው ሲሞክር ኮዱ ይወድቃል። ሪያክት ደግሞ ከ16ኛው ቨርዥን ወዲህ፣ ማለትም እ.ኤ.አ. ከ2017 ጀምሮ፣ አንድ ኮምፖኔንት ሲሳል ከወደቀና ስህተቱን የሚይዝ፣ ኤረር ባውንደሪ የሚባል መከላከያ ከሌለ ሙሉውን ገጽ ያነሳዋል። ነጭ ስክሪን። አንዲት የማስታወቂያ ሳጥን ስለወደቀች ባላንሱም፣ ሜኑውም፣ ሁሉም ድራሹ ይጠፋል።

የባክኤንድ ወንድሞቼንም፣ ማለትም የሰርቨሩን ወገን የሚሠሩትን፣ አልምራቸውም። ሳይሳካ ሲቀር 200 («ተሳክቷል») ብላችሁ ልካችሁ፣ ውስጡ «ሰክሰስ ፎልስ» (አልተሳካም) ብላችሁ የምትቀብሩ፣ ምን በድለናችሁ ነው?

ይሄን ሁሉ ስታነሱ የሚሰጣችሁ መልስ የታወቀ ነው፦ «ኔትወርኩ ነው»። ኔትወርኩማ ነው! ኔትወርኩ እንደሚቆራረጥ የማያውቅ ዴቨሎፐር በዚህ አገር አለ እንዴ? ላፕቶፑ ላይ ሰርቨሩንም ገጹንም አብሮ አስነስቶ ይሞክረዋል፤ መልሱ በጥቂት ሚሊሰከንድ ይመጣል፤ ስፒነሯን እንኳ አላያትም። «ሠርቷል» ብሎ ዲፕሎይ ያደርጋል፣ ማለትም ለተጠቃሚው ይለቀዋል። ክሮም ውስጥ ኔትወርኩን ሆን ብሎ 3ጂ የሚያስመስል፣ ካስፈለገም ጨርሶ ኦፍላይን የሚያደርግ ምርጫ አለ። ማን ይነካዋል? እሺ እሱም ይቅር። ስልክህን ይዘህ ሕንፃው ምድር ቤት ውረድና ክፈተው። ወይም ክፍለ ሀገር ያለ ዘመድህን «አንዴ ክፈትልኝ» በለው።

ከሁሉ የሚያስፈራኝ ግን ዝም ብሎ የሚሳሳተው ነው። የአውቶቡስ ትኬት የሚሸጥ ገጽ አስቡ። ሀዋሳን መረጣችሁ። ወዲያው ሐሳባችሁን ቀይራችሁ ባሕር ዳር አላችሁ። ሁለት ሪኩዌስት ወጣ። ማን ቀድሞ እንደሚመለስ ዋስትና የለም። የባሕር ዳሩ ቀድሞ ደረሰ፣ በትክክል ታየ። ከዚያ የሀዋሳው እየተንገዳገደ መጣና ላዩ ላይ ተጻፈበት። አሁን ርዕሱ ባሕር ዳር ይላል፣ ዝርዝሩ የሀዋሳ መኪና ነው። ስህተት የሚል ቀይ ጽሑፍ የለም። ነጭ ስክሪን የለም። ሁሉም ያምራል፤ የሚታየው ውሸት ነው እንጂ። መፍትሔው እኮ ቀላል ነው። ምርጫው ሲቀየር ዩዝኢፌክት፣ ማለትም ኮምፖኔንቱ ከተሳለ በኋላ የሚሠራው የሪያክት ፈንክሽን፣ የሚያስጠራት የማጽጃ ፈንክሽን አለች፤ እዚያ ውስጥ የቀድሞውን ሪኩዌስት መሰረዝ ወይም «መልስህን አልፈልግም» ብሎ ምልክት ማድረግ ነው። የሪያክት ዶክመንቴሽን ላይ ከነምሳሌው ተጽፏል። አንጉላር በሚባለው ሌላ የገጽ መሥሪያ ላይ የሚሠሩ ሰዎች ስዊችማፕ የሚሏት አለቻቸው፤ አዲስ ጥያቄ ሲመጣ የድሮውን ትጥለዋለች።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ካልተናገርኩ አልተኛም። ሪያክት 18 እ.ኤ.አ. በማርች 2022 ሲወጣ ስትሪክት ሞድ በሚባለው ስህተት ማጋለጫው ላይ አዲስ ነገር ጨመረ። ገና በመሥራት ላይ ሳላችሁ እያንዳንዱን ኮምፖኔንት አስገብቶ፣ አስወጥቶ፣ እንደገና ያስገባዋል። ማጽጃውን የረሳ ሰው እንዲጋለጥ ነው። ኤፒአዩ፣ ማለትም ዳታ የሚጠየቅበት የሰርቨሩ በር፣ ሁለቴ ሲጠራ ሰዉ ደነገጠ። በየቴሌግራም ግሩፑ «ለምን ሁለቴ ይጠራል?» ለሚል ጥያቄ የሚሰጠው መልስ ምን ይመስላችኋል? «ስትሪክት ሞዱን አጥፋው!» መቶ ላይክ። ጉድለታችሁን እንዲያሳያችሁ የተቀመጠውን ነቅላችሁ፣ ጉድለቱን ለተጠቃሚው ላካችሁት።

ስለ ፍጥነትም ልናገር። አባትየው ኮምፖኔንት ተጠቃሚውን ይጠይቃል። መልሱ እስኪመጣ ልጁ አይሳልም። ልጁ ከተሳለ በኋላ ሂሳቦቹን ይጠይቃል። የልጅ ልጁ ደግሞ እሱን ጠብቆ ዝውውሮቹን ይጠይቃል። ወረዳ ሄዳችሁ «መታወቂያ አምጣ» ተብላችሁ፣ ይዛችሁ ስትመለሱ «ኮፒውስ?» እንደመባል ነው። ያን ጊዜውኑ አንድ ላይ ብትነግረኝ ምን ነበረበት! ሰርቨሩ አውሮፓ ከሆነ ከአዲስ አበባ ደርሶ መልስ ብቻውን ከ100 ሚሊሰከንድ በላይ ይፈጃል፤ በሞባይል ዳታ ይብሳል። እርስ በርስ የማይጠባበቁትን ፕሮሚስ ኦል በምትባለው የጃቫስክሪፕት ትእዛዝ አንድ ላይ መላክ ይቻላል። ወይም ጥያቄውን ከልጆቹ አውጥቶ ገጹ ገና ሲከፈት ከላይ መጠየቅ።

አንዳንዱ ደግሞ በተቃራኒው ነው፤ ለእያንዳንዷ ሳጥን የራሷን ስፒነር ይሰጣታል። ገጹ በክብ ይሞላል። አንዱ ሲደርስ ሌላውን ወደ ታች ይገፋዋል። «ሰርዝ» ልትሉ ጣታችሁን ስታወርዱ ከላይ የሆነ ነገር ይገባና «አረጋግጥ» ጣታችሁ ሥር ይመጣል። ጉግል ይህን መዝለል የሚለካበት ሲኤልኤስ የሚባል መለኪያ ካወጣ ዓመታት አለፉ። ለሚመጣው ነገር ቁመቱን አስቀድሞ መያዝ ምን ያህል ከባድ ሆኖ ነው?

ፍትሐዊ ልሁን፤ ጥፋቱ የሰው ብቻ አይደለም። ሪያክት ዳታ እንዴት እንደሚመጣ ለረጅም ጊዜ ለእኛ ነበር የተወው። እ.ኤ.አ. በ2019 ሁክስ፣ ማለትም እንደ ዩዝኢፌክት ያሉት ፈንክሽኖች፣ ሲመጡ ሁሉም ሰው ያንኑ አገጣጠመ፦ አንድ ስቴት ለዳታ፣ አንድ ለሎዲንግ፣ አንድ ለስህተት፣ ከዚያ ዩዝኢፌክት። ሦስቱ አዎና አይደለም ከሆኑ ስምንት ዓይነት ጥምረት ይወጣቸዋል። «እየመጣም ነው፣ ስህተትም አለ፣ ዳታም አለ» የሚለውን ጨምሮ። ትርጉም ያላቸው ጥቂቶቹ ናቸው፤ የቀሩት በግ መስለው የሚገቡ ስህተቶች ናቸው። ስቬልት የሚባለውን ሌላ የገጽ መሥሪያ የምወደው በዚህ ነው። አዌይት የሚለው ብሎኩ ሲጠበቅ፣ ሲደርስና ሲከሽፍ ምን እንደሚታይ እዚያው ቴምፕሌቱ ላይ ጎን ለጎን ቦታ ይሰጥሃል። ባዶውን ከተውከው ለዓይን ይታያል።

አሁን ዳታ የማምጣቱን ሥራ የሚይዙ ላይብረሪዎች አሉ፤ ታንስታክ ኩዌሪ አለ፣ ኤስደብሊውአር አለ። ካሹን፣ ማለትም ቀድሞ የመጣውን ዳታ ቅጂ፣ ይይዙልሃል፣ የዘገየውን መልስ ከአዲሱ ጋር አያቀላቅሉብህም፣ «እየመጣ ነው» እና «ከሸፈ» ለየብቻ ይነግሩሃል። ሪያክት 19ም እ.ኤ.አ. በዲሴምበር 2024 ሲወጣ ዳታ እስኪመጣ ምን እንደሚታይ ከሚወስነው ከሳስፔንስ ጋር የሚሠራ «ዩዝ» የሚባል ነገር ይዞ መጣ። እሰየው! ግን ኮድ ሪቪው ላይ፣ የሌላውን ኮድ ስፈትሽ፣ የማየው ምንድን ነው? ታንስታክ ኩዌሪን አስገብቶ፣ «ዳታ ከሌለ ባዶ ዝርዝር ይሁን» ብሎ ጽፎ፣ የስህተት ምልክቱን ዓይኑን እንኳ አላየውም። ሰርቨሩ ሲወድቅ ገጹ በትህትና «ምንም ዝውውር አልተገኘም» ይላል። ላይብረሪው የለየለትን ሦስት ነገር መልሶ አንድ አደረገው!

ይሁን፤ ይሄ ሁሉ የማየት ነገር ነው። የመላክ ሲሆን ነው ነገሩ የሚመረው። «ላክ» ተጫናችሁ። ክቧ ዞረች። ኔትወርኩ ተቆረጠ። ገንዘቡ ሄዷል ወይስ አልሄደም? ሪኩዌስቱ ሳይደርስ ቀርቶ ሊሆን ይችላል። ደርሶ፣ ገንዘቡ ተቆርጦ፣ መልሱ ብቻ መንገድ ላይ ጠፍቶም ሊሆን ይችላል። ብሮውዘሩ ከዚህ ወገን ሆኖ ሁለቱን መለየት አይችልም። አፑ ግን ምን ይላል? «አልተሳካም፣ እባክዎ እንደገና ይሞክሩ»። በምን አውቀህ ነው አልተሳካም የምትለው? ሰውየው አምኖህ ደግሞ ይጫናል። ሁለቴ ይቆረጥበታል። ከዚያ በማግስቱ ቅርንጫፍ ሄዶ ሰልፍ።

ታንስታክ ኩዌሪ ሳትነግሩት ዳታ ሲያመጣ ከከሸፈበት ሦስት ጊዜ ደግሞ ይሞክራል። የሚለውጥ ነገር፣ ማለትም የሚልክ፣ የሚከፍል፣ የሚሰርዝ ከሆነ ግን ካላዘዛችሁት አንድም ጊዜ አይደግምም። ላይብረሪው የሚጠነቀቀውን እኛ በአንድ አረፍተ ነገር ተጠቃሚው ራሱ እንዲደግመው እናዘዋለን።

ትክክለኛው ጽሑፍ «ውጤቱን አላረጋገጥንም፣ እያጣራን ነው፣ እባክዎ ደግመው አይላኩ» ነው። ከሥሩ ደግሞ እውነትም መጣራት አለበት። ዝውውሩ ሲጀመር አንድ ልዩ መለያ ይወጣለታል፤ ደግሞ ቢላክም በዚያው መለያ ይላካል። ሰርቨሩ መለያውን ሲያይ «ይሄንን ጨርሼዋለሁ» ብሎ የመጀመሪያውን ውጤት ይመልሳል እንጂ ሁለተኛ አይቆርጥም። አይደምፖተንሲ ኪይ ይሉታል። አዲስ ግኝት አይደለም፤ ክፍያ ላይ የሚሠራ ሁሉ ያውቀዋል።

«እሱ የባክኤንድ ሥራ ነው» የሚል እንደማይጠፋ አውቃለሁ። ግማሹ አዎ። መለያውን አውጥቶ አብሮ የሚልከው፣ በተኑን እስኪለይለት የሚዘጋው፣ «አልተሳካም» ወይም «እያጣራን ነው» ብሎ የሚጽፈው ግን ፍሮንትኤንዱ ነው። የሥራ መከታተያችን ጂራ ላይ ትኬቱን የሚከፍት ካለ እኔ እወስደዋለሁ።