የልጆቻችን የአእምሮ ጤና፦ ቆጠራው ይቅደም ወይስ ሕክምናው?

በኢትዮጵያ ስለ ሕፃናትና ታዳጊዎች የአእምሮ ጤና የሚደረግ ምርምር ያለችውን ጥቂት ገንዘብ በምን ላይ ያውላት? ችግሩ ምን ያህል እንደተስፋፋ በመቁጠር ወይስ ሕክምና በመሞከር? አንዲት የትምህርት ቤት አማካሪና አንድ የጥናት ባለሙያ በጽሑፍ ተከራክረዋል።

አማካሪዋ፦ የምሠራበት ትምህርት ቤት መጠይቅ ይዞ ለመጣ አጥኚ ሁሉ በሩን ከፍቷል። ተማሪዎቹ ይሞላሉ፣ ወረቀቱ ተሰብስቦ ይሄዳል፤ ተመልሶ «እነዚህን ልጆች ተከታተሏቸው» ያለኝ ግን አንድም የለም። እስከ መቼ እንቆጥራለን? የዓለም ጤና ድርጅት ከ10 እስከ 19 ዓመት ከሆናቸው ሰባት ልጆች አንዱ የአእምሮ ጤና ችግር እንዳለበት ነግሮናል። በአገራችን የተቆጠረው ደግሞ እርስ በርሱ አይስማማም። እ.ኤ.አ. በ1999 የታተመው የአምቦ ጥናት ዕድሜያቸው ከ5 እስከ 15 በሆኑ ልጆች ላይ 17.7 በመቶ ሲል፣ ከሁለት ዓመት በኋላ የወጣ ሌላ የኢትዮጵያ ጥናት 3.5 በመቶ አለ። የትኛውን ይዤ ወላጅ ፊት ልቁም? የዓለም ጤና ድርጅት ኦቲዝምና የዕድገት መዘግየት ላለባቸው ልጆች ወላጆች ያዘጋጀው ሥልጠና በአዲስ አበባም በገጠርም ተሞክሯል፤ እናት ከልጇ ጋር እንዴት እንደምትጫወት፣ ሐሳቡን እንዲገልጽ እንዴት እንደምትረዳው ያሳያል። እንዲህ ያለው ጥናት ሲያልቅ በሰው ቤት ውስጥ የሚቀር ነገር አለ።

ባለሙያው፦ እኅቴ፣ ተመልሶ የማይመጣ አጥኚ ያሳዝነኛል፤ ልከላከልለት አልችልም። ሁለቱ አኃዞች ግን አልተጣሉም። አምቦ ላይ ያገለገለው መጠይቅ ለወላጅ የሚቀርቡ አሥር ጥያቄዎች ብቻ ናቸው፦ ልጁ ራሱን ደጋግሞ ያመዋል? እንቅልፍ ይነሣዋል? ያለ ምክንያት ይፈራል? ከቤት ይጠፋል? ከልጆች ጋር አይጫወትም? ይህ ወንፊት ነው፤ የተጠረጠረውን ሁሉ ይይዛል። ሁለተኛው ጥናት የተጠቀመው በሽታውን ከነምልክቱ አንድ በአንድ የሚመረምር ረጅም ቃለ መጠይቅ ነው። በወንፊት የተያዘ ሁሉ ሕመምተኛ አይደለም።

ያ «ከሰባት አንድ» የሚባለውም ግምት ነው። ብዙ ድሃ አገሮች የራሳቸው መረጃ ስለሌላቸው ክፍተቱ በሌሎች አገሮች ልጆች ተሞልቶ የተሰላ ነው።

ቆጠራ ምን እንደሚያደርግ ቡታጅራ ላይ አይተናል። ከ68,000 የሚበልጡ ሰዎች ቤት ለቤት ሲጠየቁ፣ ከተገኙት ከባድ የአእምሮ ሕሙማን አብዛኞቹ ዘመናዊ ሕክምና አግኝተው የማያውቁ ነበሩ። ሐኪም ቤት ተቀምጦ የሚጠብቅ ሰው እነርሱን አያገኛቸውም ነበር። በዚያ ቆጠራ የተካተቱት ግን ከ15 እስከ 49 ዓመት ያሉት ናቸው፤ ከዚያ በታች ያሉት ልጆች አልተጠየቁም። ዛሬ ክሊኒክ የሚደርሰው የሚጥል በሽታ ያለበት ወይም ክፍል የሚረብሸው ልጅ ነው። ዝም ብላ የኋላ ወንበር ላይ የምትቀመጠዋ ልጅ «ጨዋ» ተብላ ትመሰገናለች እንጂ ማን ያመጣታል?

አማካሪዋ፦ ስለዚያች ልጅ ካነሡ እኔም ስለ እርሷ ልናገር። እ.ኤ.አ. በ1997 የወጣው፣ በብዙ አገሮች የሚሠራበት ባለ 25 ነጥቡ መጠይቅ «ታዛዥ ነው» የሚልን ዐረፍተ ነገር ለጤናማነት ምልክት ይቆጥራል። እኛ ዘንድ ልጅ በፍርሃትም ይታዘዛል። «ድብርት አለብሽ?» ቢሏት ሥራ ፈትታ የደበራት ቀን ትዝ ይላታል። እናቷ ግን «ልጄ ሆድ ብሷታል፣ ሐሳብ ታበዛለች፣ ከሰው ሸሽታለች» ብላ ትናገራለች። ይህን ቋንቋ ሳይሰሙ የተቆጠረ ቁጥር ማንን ቆጠረ?

ከሁሉ የሚያንገበግበኝ ሌላ ነው። ታዳጊው «ለመሞት አስበህ ታውቃለህ?» ተብሎ «አዎ» የሚለው ላይ ምልክት ያደርጋል። ስሙ የለም፤ ወረቀቱ ከሌሎቹ ጋር ታስሮ ይሄድና ከወራት በኋላ ኮምፒውተር ላይ «አንድ» ተብሎ ይመዘገባል። ያ ልጅ ለአዋቂ ሰው ምሥጢሩን የተናገረው ምናልባት በሕይወቱ ለመጀመሪያ ጊዜ ነው፤ ማንም አልሰማውም።

ባለሙያው፦ በዚህ አልከራከርዎትም። ወረቀቱ በዚያው ቀን የማይነበብ ከሆነና ልጁን የሚቀበል ሰው አስቀድሞ ካልተዘጋጀ እንዲህ ያለ ጥያቄ መጠየቅ የለበትም፤ የሥነ ምግባር ኮሚቴም ሊያጸድቀው አይገባም። የሕፃናት የአእምሮ ሐኪሞቻችን በጣት የሚቆጠሩ መሆናቸው ምክንያት አይሆንም፤ የሠለጠነ ነርስ ወይም እንደ እርስዎ ያለ አማካሪ በዚያ ቀን በቦታው ሊገኝ ይችላል። ስለ ቋንቋውም እውነትዎን ነው። ከመቁጠር በፊት እናቶችንና ልጆችን በራሳቸው አነጋገር ማድመጥ፣ ከዚያም መጠይቁን በሐኪም ምርመራ ማመሳከር ያስፈልጋል። ይህ ጊዜ ይወስዳል፤ ብዙዎች የሚዘሉትም ለዚህ ነው። ነገር ግን ጤና ቢሮው በጀት ሲደለድል «ስንት ናቸው?» ሲል «ብዙ ናቸው» ብለን ብንመልስ ገንዘቡ ሌላ ቦታ ይሄዳል።

አማካሪዋ፦ እንግዲያውስ ከአሁን በኋላ መጠይቅ ይዞ ለሚመጣ ሁሉ መጀመሪያ የማቀርብለት ጥያቄ «ወረቀቱን ማን፣ በስንት ሰዓት ያነበዋል?» የሚል ይሆናል።

ባለሙያው፦ ይጠይቁት፤ መልስ ከሌለው ከበር ይመልሱት። መልስ ይዞ ለመጣው ግን ያችን የኋላ ወንበር ላይ የምትቀመጠዋን ልጅም ያስቆጥሩለት።