ስምን ደግሞ ደጋግሞ በእጅ መጻፍ ይብቃ

የተማሪዎች ስም ዝርዝር፣ የደመወዝ መክፈያ፣ የሠልጣኞች መዝገብ፤ በእንግሊዝኛ ፊደል የተሞላ ሰነድ በየመሥሪያ ቤቱ ሲከፈት መልኩ ተመሳሳይ ነው። አንዱ ስም ሙሉ በሙሉ በትልልቅ ፊደላት፣ ቀጣዩ በትንንሽ፣ ሌላው ደግሞ ተደበላልቆ ተጽፏል። ከዚያ አንድ ሠራተኛ ይቀመጥና እያንዳንዱን ስም እያጠፋ እንደ አዲስ ይጽፋል። ይህ አሠራር መቆም አለበት። የሚያሳስበኝ የሚባክነው ሰዓት ብቻ አይደለም። ስም እንደገና በተጻፈ ቁጥር የመሳሳት ዕድሉም አብሮ ይታደሳል፤ አንዲት ፊደል የተዛነፈችበት የትምህርት ማስረጃ ከፓስፖርት ጋር አልገናኝ ሲል ባለቤቱን ከቢሮ ቢሮ ያንከራትታል።

የሠንጠረዥ ፕሮግራሙ ኤክሴል ለዚህ ሦስት ፎርሙላዎች አሉት። አፐር (UPPER) ሁሉንም ፊደል ትልቅ፣ ሎወር (LOWER) ሁሉንም ትንሽ ያደርጋል። ፕሮፐር (PROPER) የየቃሉን የመጀመሪያ ፊደል ብቻ ትልቅ አድርጎ የቀረውን ያሳንሳል። ጉግል ሺትስም በእነዚሁ ስሞች ይሠራል። ከስሞቹ አጠገብ ባዶ ዓምድ ተከፍቶ የእኩል ምልክት፣ ፕሮፐር፣ በቅንፍ ውስጥ ደግሞ የመጀመሪያው ስም ያለበት ሴል (የሠንጠረዡ ሳጥን) መለያ ይጻፋል። የሴሉን የታችኛውን የቀኝ ጥግ በማውሱ ሁለት ጊዜ ጠቅ ሲያደርጉ ፎርሙላው እስከ ዝርዝሩ መጨረሻ ይወርዳል። ትሪም (TRIM) የተባለው ፎርሙላ ሲታከልበት በስም መካከል የተደራረበውን ክፍተት ወደ አንድ ይቀንሳል፣ ከፊትና ከኋላ ያለውንም ያስወግዳል። ብዙዎች ሁለት ዝርዝሮችን ሲያመሳክሩ ስም ከጠፋባቸው የፊደሉን ትልቅነትና ትንሽነት ይጠረጥራሉ። ከአንዱ ዝርዝር የተወሰደን ስም በሌላው የሚፈልገው ፎርሙላ፣ ቪሉክአፕ (VLOOKUP)፣ ግን ይህን ልዩነት አይቆጥርም። መጀመሪያ መፈተሽ ያለበት ከስሙ በስተኋላ የተደበቀው ባዶ ቦታ ነው። የኮምፒውተር ሥልጠና የሚሰጡ ተቋማት ይህንን ገና በመጀመሪያው ሳምንት ቢያስተምሩ እወዳለሁ።

ይሁን እንጂ ፕሮፐር ስም አያውቅም። የሚያውቀው ደንብ አንድ ነው፦ ፊደል ካልሆነ ምልክት ቀጥሎ የመጣን ፊደል ትልቅ ማድረግ። ኃይለማርያም በእዝባር (/) አጥሮ ሲጻፍ ይህ ደንብ ይበጃል፤ የመጀመሪያዋም ሆነች ከእዝባሩ ቀጥላ የምትመጣው ፊደል ትልቅ ትሆናለች። ወልደጊዮርጊስን እንደ አንድ ቃል ገጥሞ የ«ጊዮርጊስ»ን መነሻ በትልቅ ፊደል የሚጽፍ ሰው ግን ያቺን ፊደል ያጣታል። የተቋማት አሕጽሮትም ከመጀመሪያው ፊደል በቀር ሁሉም ትንንሽ ሆኖ ያርፋል።

ስለዚህ ዋናው ዓምድ ፈጽሞ መነካት የለበትም። የተስተካከለው ውጤት ተገልብጦ ያለ ፎርሙላው በሌላ ዓምድ ይቀመጥ፤ የምስክር ወረቀት ከመታተሙ በፊት ደግሞ ባለስሞቹ እንዲያዩት ይደረግ። ስሙ እንዴት እንደሚጻፍ የመጨረሻውን ቃል መናገር ያለበት ባለቤቱ እንጂ ፎርሙላው አይደለም።

ዝርዝሩ በግዕዝ ፊደል ከሆነ እነዚህ ሦስቱ ምንም ሥራ የላቸውም፤ ፊደላችን ትልቅና ትንሽ ስለሌለው ያስገቡትን እንዳለ ይመልሳሉ። የእኛ ጣጣ ሌላ ነው። ኃይሉና ሀይሉ፣ ዓለሙና አለሙ፣ ሠናይትና ሰናይት ለጆሮ አንድ ናቸው፤ ኮምፒውተሩ ግን ለየፊደሉ የተለያየ ቁጥር ስለሰጠ አንዱን ስትፈልጉ ሌላውን አያመጣላችሁም። አንዲት ሴት በሁለት መዝገብ ሁለት ሰው ሆና ትቀመጣለች። እዚህ ላይ የሚረዳው ሰብስቲትዩት (SUBSTITUTE) የሚባለው ፎርሙላ ነው፤ ሠን በሰ፣ ዓን በአ ይተካል። ሠ፣ ሡ፣ ሢ እያሉ እያንዳንዱን ሆሄ ለየብቻ መተካት ስለሚያስፈልግ ፎርሙላው ይረዝማል፤ ግን አንድ ጊዜ ከተዘጋጀ ለሌላ ዝርዝርም ያገለግላል። ፊደሎቹ የተተኩበት ዓምድ ለፍለጋና ለማመሳከሪያ ብቻ ይዋል። በማስረጃው ላይ የሚታተመው ሠናይት ራሷ የጻፈችው ሠናይት ነው።