ለስልክ አስታማሚዎቻችን የቀረበ ምስጋና

ፊዚዮቴራፒስት፣ ማለትም በእንቅስቃሴ የሚያክም ባለሙያ፣ በሽተኛውን ከሩቅ በስልክ ለመከታተል ብዙ ችሎታ ያስፈልገዋል ይባላል። በእጁ ሳይነካ ጉልበት ምን ያህል እንደታጠፈ፣ ትከሻ እስከ የት እንደተነሳ በካሜራ አይቶ መገመት አለበት። ጥያቄው አጭር፣ ጆሮው ታጋሽ መሆን አለበት። እውነት ነው። ግን ባለሙያውን ብቻ ማመስገን ግፍ ነው። እዚህ ወሎ፣ ከደሴ እስከ ኮምቦልቻ፣ ከሐይቅ እስከ ወልድያ፣ ከእሱ የሚልቅ ባለችሎታ በየቤቱ ተቀምጧል። አስታማሚው!

አስታማሚ ስል አንድ ሰው እንዳይመስላችሁ። ስልኩ ሲጠራ አምስት ሆነው ነው የሚያነሱት።

እንበልና አንድ አባት ስትሮክ መቷቸው ቀኝ እጅና እግራቸው ደክሟል። ከሆስፒታል ወጥተው ሰኞ ገበያ አካባቢ ልጃቸው ቤት ናቸው። ባለሙያው በኢሞ ይደውላል። «አባባ፣ የትከሻዎ ሕመም ከ0 እስከ 10 ቢለካ ስንት ነው?» 0 ምንም የለም ማለት ነው፣ 10 ከዚህ የባሰ አይታሰብም ማለት ነው። ቁጥሩን የሚያውቀው በሽተኛው ብቻ ነው ይላሉ የተማሩት። ተሳስተዋል። እኛ ዘንድ ሁሉም ያውቀዋል። ልጅየው «2 ነው» ይላል። ምራትየዋ «ኧረ ዛሬስ 1 ነው፣ ገንፎ በልተዋል» ትላለች። ከጅዳ መስመር ላይ የገባችው ልጃቸው «አብሽሩ አባየ፣ ምንም አልሆኑም!» ብላ ወደ 0 ታወርደዋለች።

በመጨረሻ አባት ራሳቸው ይጠየቃሉ። «አልሃምዱሊላህ» ይላሉ። ጎረቤታቸው እማማ ቢጠየቁ ደግሞ «እግዚአብሔር ይመስገን» ይሉ ነበር። የወሎ ፍቅር እዚህም አልጠፋም፤ በሕመም መለኪያው ላይ ሁለቱም ሃይማኖት እኩል ነጥብ ነው ያለው።

ባለሙያው ማየትም ይፈልጋል። ስልኩ አንድ ነገር ላይ ይደገፍ፣ ብርሃን ከፊት ይሁን፣ ከራስ እስከ እግር ይታዩ ይላል። የትኛው እግር እንደሚጎተት ማየት አለበታ። የኛ ካሜራ ያዥ ግን የራሱ ጥበብ አለው። መጀመሪያ ጣሪያውን ያሳያል። ቀጥሎ የራሱን አፍንጫ። ከዚያ ረከቦቱን፤ ቶናው ደርሷልና «ዶክተር፣ ቅርብ ብትሆን ቡና ትጠጣ ነበር» ይባላል። ከአባት የሚታየው የጋቢያቸው ጫፍ ነው። ከጋቢ ጫፍ አረማመድ የሚያነብ ፊዚዮቴራፒስት እስካሁን የትም አልተመረቀም። ከዚህ ቤት ይመረቃል።

ከሁሉ የማደንቀው ግን ፍቅራችንን ነው። ባለሙያው «ምግብ በቀኝ እጃቸው ይሞክሩ፣ ቢፈስም ይፍሰስ» ብሎ ነበር። ከስትሮክ በኋላ የደከመ እጅ በየቀኑ ካልሠራ አእምሮ ጭራሽ መጠቀሙን ሊተወው ይችላል። ይሄን ለወሎ ሰው ንገሩት እስቲ! አባት እጃቸውን ወደ ሞሰቡ ሲልኩ ከሦስት አቅጣጫ ጉርሻ ይደርሳል። «እኛ እያለን!» ጎራሹ ወፍሯል፣ እጁ ከስቷል። ከወንበር ተነስቶ መቀመጡም እንደዚያው ነው። ሊነሱ ሲሉ ሁለት ሰው ብብታቸው ውስጥ ገብቶ ያነሳቸዋል። እንቅስቃሴው በትክክል ተሠርቷል። የሠሩት ልጆቹ ናቸው። ጡንቻቸውም ጥሩ እየሆነ ነው።

«አንዱ ባታቸው አብጧል? ይሞቃል?» ብሎም ይጠይቃል። የደም መርጋት ሊሆን ስለሚችል በዚያው ቀን ሆስፒታል መታየት ያለበት ነገር ነው፤ ትንፋሽ ድንገት ካጠረ ደግሞ በዚያው ሰዓት። «የጦሳ ተራራ ብርድ ነው» ይባላል። ጎረቤት ቅቤ ይዛ ትመጣና ታሻለች። የረጋ ደም የተጠረጠረበት እግር አይታሽም የሚሉት የኛን ቅቤ ስለማያውቁት ነው።

አሁን ደግሞ ፈተና መጣ። ከወንበር መነሳት፣ 3 ሜትር መራመድ፣ ዞሮ ተመልሶ መቀመጥ። ሰዓት ይያዛል። አንድ አዛውንት 12 ሰከንድና ከዚያ በላይ ከወሰደባቸው የመውደቅ ስጋት አለባቸው። «አጠገባቸው አንድ ሰው ይቁም» አለ ባለሙያው። አምስቱም ቆሙ። አባት ከስክሪኑ ጠፉ። ትንሽ ቆይቶ «ዛሬ ደክሟቸዋል» ተብሎ ቤቱን ወክሎ የልጅ ልጃቸው ተነሳ። በ6 ሰከንድ ጨረሰው። ከጅዳ «ማሻአላህ!» ተባለ።

«ተሽሏቸዋል ማለት ነው አይደል ዶክተር?»

ባለሙያው አፉን ሲከፍት ኔትወርክ ሄደ። ለወልድያ ዘመዶች ወዲያው ተደወለ፤ ዶክተሩም ተስማምቷል ተባለ።