እርማት፦ ከማሪስ ሪከርድ አጠገብ ኮከብ ኖሮ አያውቅም

ወንድሜ፣ ስለ ቤዝቦል ሪከርዶች የጻፍከውን ወድጄዋለሁ። አንድ ነገር ግን መታረም አለበት። ተጫዋቹ ሮጀር ማሪስ በአንድ የውድድር ዘመን የመታው 61 ሆም ራን (ኳሷን ከሜዳው አጥር ውጪ የሚያወጣ ምት) የተመዘገበው ከኮከብ ምልክት (*) ጋር ነው፣ ማለትም ሪከርዱ ሙሉ እንዳልሆነ ተደርጎ ነው ብለሃል። ብዙ ሰው እንዲህ ያምናል፤ ግን ኮከቡ ጭራሽ አልነበረም።

ነገሩ እንዲህ ነው። የቀድሞው ባለሪከርድ ቤብ ሩት እ.ኤ.አ. በ1927 60 ሆም ራን ሲመታ የውድድር ዘመኑ 154 ጨዋታ ነበር። ማሪስ 61 በመታበት በ1961 እሱ የሚጫወትበት የአሜሪካን ሊግ ቡድኖች ከ8 ወደ 10 ከፍ አሉ፤ ጨዋታውም 162 ሆነ። የቤዝቦሉ የበላይ ኃላፊ (ኮሚሽነር) ፎርድ ፍሪክ የሩት ወዳጅ ነበር። ሐምሌ ላይ ጋዜጠኞችን ሰብስቦ፣ ሪከርዱ ከ154 ጨዋታ በኋላ ከተሰበረ ልዩ ምልክት ይደረግበት አለ። «ኮከብ ይሁን» ያለው እዚያው የነበረው ጋዜጠኛ ዲክ ያንግ ነው። በተግባር ግን ሁለቱ ቁጥሮች በሪከርድ መዝገብ ለየብቻ ሰፈሩ እንጂ ኮከብ የሚባል ነገር አልተደረገም።

እኔን የሚያንገበግበኝ ሌላ ነው። ሩት በ1927 ዱላ ይዞ ለመምታት የቆመው 691 ጊዜ ነው። ማሪስ በ1961 የቆመው 698 ጊዜ። ልዩነቱ 7 ብቻ! ለዚህች ብለው ሰውየውን ስንት ነገር አሉት። ከጭንቀት ብዛት ፀጉሩ እየረገፈ ነበር የተጫወተው።

በ1991 በኮሚሽነር ፌይ ቪንሰንት የሚመራ ኮሚቴ ክፍፍሉን ሰርዞ 61ን ብቸኛ ሪከርድ አደረገ። ማሪስ ግን በ1985 አርፎ ነበር። እባክህ ያቺን መስመር አስተካክላት።